ክዳን

ከአንኮበር ቁልቁል፣ ጽዱ ከሳሳበት፣
ብቻውን የቆመ አንድ ቤት አለበት።
ግድግዳ አይጋራ፣ ጎረቤት አይነካው፣
ፊቱ ወደ ገደል፣ ተራራ ነው ጀርባው።

ሜትሬን ዘረጋሁ፣ እርሳሴን ቀረጽኩና፣
ቅርስ መዝግብ ብሎ ወረዳው ልኮኝ ነውና።
የፊት ክፍሉ ወርድ፣ አራት ከሃያ ሦስት።
ርዝመቱ ደግሞ፣ ስድስት ከሃምሳ ስምንት።
ይሄ ምን ቁጥር ነው? ሙሉ አይደል፣ ግማሽ አይደል፣
ሦስቴ ብለካውም እዚያው ላይ ይወድቃል።

ወይዘሮ ትደነቂያለሽ በባና ተጠቅልለው
ከበሩ ቆመው ነበር፣ ሥራዬን ታዝበው።
«ተወው ያንን ጥብጣብ፣ ይህን ቤት አያውቀው፤
አያቴ እንግዳሸት በክንዱ ነው የለካው»
አሉና ዘረጉ፣ ከክርን እስከ ጣት፣
«የሱን ክንድ ይዛለች ይሉኛል፤ ና ለካት።»

አርባ ሰባት ሳንቲም።
በዘጠኝ ባበዛው፣ ወርዱ መጣ ልክ፤
በዐሥራ አራት ባበዛው፣ ርዝመቱም ልክክ።

ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ።

ባላምባራስ ጫንያለው ከሙግት ሲመለሱ፣
የእንግሊዝ ብስኩት በቆርቆሮ ይዘው ደረሱ።
ብስኩቱ በመንገድ፣ በበቅሎው ኮርቻ፣
ተበልቶ አለቀና ቀረ ክዳኑ ብቻ።
ክዳኑ ላይ ቤት አለ፦
ሹል ጣራ፣ ቀይ ጡብ፣ መስኮት በመስኮት የተሣለ፣
ሐረግ የወጣበት በር፣ ዙሪያው አረንጓዴ፣
ካናቱም አንድ ግንብ፣ ቀጥ ያለ እንደ ጎራዴ።
«ይህን ሥራልኝ» አሉት።

እንግዳሸት ተቀበለ። ክዳኑን አገላበጠ።
ከኋላ ዝገት ብቻ።
«ጌታዬ፣ ፊቱን አየሁት። ጀርባውስ የታል?»
ባላምባራስ አሰቡ።
የሩቅ አገር ሁሉ በሥዕል ሲመጣ
ፊቱን ነው የሚልክ።
«እሱን አንተ ታውቃለህ» አሉት በመጨረሻ።

ጡብ ከየት ይምጣለት? ጥቁር ድንጋይ ጠረበ፣
ቀይ አፈር በጭድ አቡክቶ ምርጉን ደረበ፣
ገና ሳይደርቅ በጣቱ መስመር በመስመር ላይ ጻፈ፣
ጡብ እንዲመስል። ጣቱ እስካሁን አለ፤ እርሱ አለፈ።

ጀርባውን ግን አባቱ እንዳስተማረው አደረገ፦
ክብ ግድግዳ፣ የወይራ ማገር፣ የጽድ ምሰሶ፣
ለጥጆቹ ጋጣ፣ ለእሳቱ መደብ፣
ከላይ የጓሳ ሣር፣ እስከ ክርን የወፈረ።
ከክዳን የተቀዳ ቤት፣ ክዳኑ ግን ከጓሳ።
በሁለቱ መሐል አንድ በር አለ፣ በጣም ዝቅ ያለ፤
ግንባሬን መታኝ።

እንግዳ ሲመጣ ባላምባራስ ከፊት ይቀመጡ ነበር፣
መስታወቱ ሳይመጣ በቀረው ሰፊ መስኮት
ብርድ ጆሯቸውን እየቆረጠው።
እንግዳው እንደ ወጣ ጎንበስ ብለው ያልፋሉ፤
ከጥጆቹ ጎን፣ ከእሳቱ ዳር። የሞቱትም እዚያው ነው።

ያ እንደ ጎራዴ የቆመው ግን፣
ክዳኑ ላይ ጭስ አልተሣለበትም ነበርና፣
ለምን እንደ ሆነ ለእንግዳሸት የነገረው የለም።
ጉልላት መሰለው።
ድንጋይ በድንጋይ፣ ድፍን አድርጎ ሠራው።
መሰላል ተበድሬ ወጥቼ አንኳኳሁት፤
መልሱ ድንጋይ ነው።
ጭሱ ዛሬም በጀርባ፣ በጓሳው መሐል
የለመደውን መንገድ ሾልኮ ይወጣል።

ክዳኑን አሳዩኝ፤ ጨው ይከድኑበታል።
ሥዕሉ ተፍቆ አልቋል፤
አንዲት መስኮት ቀርታለች፣ ከጥፍር የማትበልጥ።
«የቀረውን ከፈለግህ» አሉ ወይዘሮ ትደነቂያለሽ፣
«ውጭ ነው የቆመው።»

ቅጹ ላይ «የአሠራር ስልት» የሚል ሳጥን አለ።
ባዶውን ተውኩት።
«መለኪያ» ከሚለው ሥር ግን ጻፍኩ፦
ክንድ። የእንግዳሸት።

ወደ አመሻሹ ጉም ከገደሉ ወጣ።
ፊቱን ቀድሞ ዋጠው፦ ሹሉን ጣራ፣ የጣት ጡቡን፣ ድፍኑን ግንብ።
ጀርባው ቀረ፣
ክብ፣ እየጨሰ።